ከፊልትሮ እስከ ዳው ጆንስ፦ አዳማ የወሰድኩት የኢንዴክስ ሥልጠና

ሥልጠናው አራት ቅዳሜ ነው፣ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፤ ክፍያው 3,200 ብር። ቦታው ፖስታ ቤት አካባቢ፣ ከሥሩ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ያለበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ያስብበት። ማስታወቂያው «የአክሲዮን ገበያ ኢንዴክስን መረዳት፦ የኢንዱስትሪ ዘርፍ» ይላል፤ በር ላይ ተለጥፎ ያየሁት ለባንክ ጉዳይ ስወጣ ነው። ኢንዴክስ ማለት የብዙ ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ መውጣት መውረዱን በአንድ ቁጥር የሚያሳይ መለኪያ ነው። ከጨረስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ «ይጠቅማል ወይ?» እያለ ስለሚጠይቀኝ፣ የተደሰትኩበትንም የተከፋሁበትንም እንዳለ እጽፈዋለሁ።

እኔ በአዋሽ መውጫ በኩል የከባድ መኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። 19 ዓመት ሆነኝ። የዋጋን መውጣትና መውረድ ሌላ ሰው ያስተምረኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት 2017 ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ እኔም ዝቅተኛውን 33 አክሲዮን በ9,900 ብር ገዛሁ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ፣ ወጋገን ባንክ መጀመሪያ ተመዘገበ ሲባል ዜናውን መከታተል ያዝኩ። በላዩ ላይ ደግሞ ዴንቨር ያለው ታናሽ ወንድሜ አለ። ይደውልና «እታለም፣ ዛሬ ዳው 500 ነጥብ ወደቀ፣ የጡረታ ገንዘቤን በላው» ይለኛል። እኔም ለእሱ እየተጨነቅኩ እንቅልፍ አጣለሁ። ዳው የ30 ትላልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ኢንዴክስ ነው፤ ሙሉ ስሙ የዳው ጆንስ ኢንዱስትሪ አማካይ ስለሆነ፣ ወደቀ በተባለ ቁጥር ፋብሪካ የተዘጋ ይመስለኝ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ 14 ነበርን። ሁለት የባንክ ሠራተኞች፣ የሂሳብ መምህር፣ የባጃጅ ማኅበር ገንዘብ ያዥ፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የመጣች የልብስ ስፌት መስመር ተቆጣጣሪ፣ ተማሪዎች። አሰልጣኙ ወጣት ልጅ ነው፤ ቀድሞ ባንክ ውስጥ ብድር ክፍል ሠርቷል። ድምፁ ጎላ ያለ ነው፣ ሰው ያልገባውን ሲጠይቀው ፊቱ አይለወጥም። ይህን ባሕሪ ብዙ ያስተማሩኝ ሰዎች ላይ አላየሁም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ታሪክ ነበር። ቻርልስ ዳው የሚባል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. ግንቦት 26 ቀን 1896 የ12 ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ ደምሮ፣ ለ12 አካፍሎ፣ 40.94 የሚል ቁጥር አወጣ። በቃ፣ ዳው የሚባለው ነገር መነሻው ይኸው ነው፤ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ አንደኛ ደረጃ ተማሪም ሊሠራው ይችላል። እኔን የያዘኝ የ12ቱ ዝርዝር ነው፦ ስኳር፣ ትምባሆ፣ የጥጥ ዘይት፣ ቆዳ፣ ጎማ፣ እርሳስ፣ ጋዝ፣ የድንጋይ ከሰልና ብረት፣ የአረቄ ማጣሪያና የከብት መኖ፣ ኤሌክትሪክ። «አሜሪካን ሹገር» የሚለው ሰሌዳው ላይ ሲጻፍ አባቴ ትዝ አለኝ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ መካኒክ ነበር፤ ማታ ሲገባ ልብሱ የተቃጠለ አገዳ ይሸት ነበር። ስኳር የሚሠራ ፋብሪካ የአንድን ትልቅ አገር ገበያ ትኩሳት ለመለካት ከተመረጡት 12 አንዱ እንደነበር ያኔ ቢነገረው ደስ ይለው ነበር።

ዳው ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1884 የሠራው አማካይ ከ11 ኩባንያዎች ዘጠኙ የባቡር ነበሩ። ያን ጊዜ ትልቅ ሀብት ማለት ባቡር ነው። ፋብሪካዎቹ ለብቻቸው ቁጥር የተሰጣቸው በኋላ ነው፤ «ኢንዱስትሪ» የሚለው ስም የገባውም ከባቡሮቹ ለመለየት ነው። ለአዳማ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም፤ ከተማችን ራሷ ከባቡሩ ጋር ያደገች ናት።

ለሁለተኛው ቅዳሜ ብቻውን 3,200 ብር ብከፍልም አልቆጭም።

አሰልጣኙ ወደ እኔ ዞሮ «እትዬ፣ እርስዎ ሱቅ ካሉት ዕቃዎች አራት ይንገሩኝ፣ ከርካሹ እስከ ውዱ» አለኝ። ለስሌት እንዲመች አጠጋግቼ ነገርኩት፦ ፊልትሮ 1,500፣ ኩሽኔታ 3,500፣ የፍሬን ሸራ 5,000፣ ፍሪሲዮን 30,000 ብር። «እንግዲህ እነዚህ አራት ኩባንያዎች ናቸው፣ ዋጋቸው የአንድ አክሲዮን ዋጋ ነው» ብሎ ደመረ። 40,000። ለአራት ሲካፈል 10,000። «የእትዬ ኢንዴክስ ዛሬ 10,000 ላይ ነው» አለ።

ከዚያ ጠየቀን፦ ፊልትሮ ዋጋው እጥፍ ቢሆን ኢንዴክሱ ስንት ይሆናል? ሁላችንም ስልካችንን አወጣን። ፊልትሮ 3,000 ሲገባ ድምሩ 41,500 ነው፣ ለአራት ሲካፈል 10,375። ኢንዴክሱ የወጣው 3.75 በመቶ ብቻ ነው። ፍሪሲዮን 10 በመቶ ብቻ ቢጨምርስ? 33,000 ይገባል፣ ድምሩ 43,000፣ ኢንዴክሱ 10,750። 7.5 በመቶ ወጣ። የባጃጅ ማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ብድግ ብሎ «ይሄማ ልክ አይደለም! ፊልትሮ እጥፍ ከሆነ እኮ የማይጮህ ሾፌር የለም። ፍሪሲዮን የሚቀይር በወር ስንት ሰው ነው?» አለ።

ሰውዬው እውነቱን ነው። እኔ በወር 200 ፊልትሮ ስሸጥ ፍሪሲዮን አንድ ብሸጥ ነው። አሰልጣኙም «ልክ ነህ፤ ዳው ጆንስም እስከ ዛሬ የሚሠራው እንዲህ ነው» አለው። ዳው ውስጥ ከባዱ ትልቁ ኩባንያ አይደለም፣ የአንድ አክሲዮኑ ዋጋ ውድ የሆነው ነው። ባለ 500 ዶላር አክሲዮን ባለ 50 ዶላሩን አሥር እጥፍ ይመዝናል፣ የሁለተኛው ኩባንያ ጠቅላላ ሀብት የፈለገውን ያህል ቢበልጥ። ይህን በራሴ ፍሪሲዮን ባላየው ኖሮ አንድ ሺህ ጊዜ ቢነገረኝም አይገባኝም ነበር።

እዚህ ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር የላቸውም፣ ቬንትሌተሩ ቆመ፣ የአዳማ ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። አሰልጣኙ መስኮቶቹን ከፍቶ፣ ሰሌዳውን ብርሃን ወዳለበት ስቦ ቀጠለ። ፕሮጀክተር ስለሌለ ሁሉንም በእጅ ጻፈው፣ እኛም በእጅ ገለበጥነው፤ እንደ እኔ እንደ እኔ ነገሩ አእምሮዬ ውስጥ የተቀመጠው ለዚህ ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ ይህ ነበር። ባለ 30,000 ብሩ ኩባንያ «አክሲዮኔ ስለተወደደ ለገዢ እንዲቀል እያንዳንዷን ለሦስት እከፍላለሁ» ቢልስ? አንድ የነበረው ሰው ሦስት ይኖረዋል፣ እያንዳንዱ 10,000 ብር። ማንም ሳንቲም አልጠፋበትም። የእኛ ድምር ግን ከ40,000 ወደ 20,000 ይወርዳል፣ ለአራት ሲካፈል 5,000። ኢንዴክሱ ግማሹ ወደቀ! ወንድሜ ዴንቨር ሆኖ ይህን ቢያይ በሌሊት ይደውልልኝ ነበር። የሂሳብ መምህሩ መፍትሔውን ከአሰልጣኙ ቀድሞ አገኘው፦ አካፋዩን መቀየር ነው። 20,000ን ለስንት ብናካፍል 10,000 ይመለሳል? ለሁለት። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚካፈለው ለአራት መሆኑ ይቀርና ለሁለት ይሆናል። ዕቃው አራት ነው፣ አካፋዩ ሁለት።

ዳውም ከመቶ ዓመት በላይ እንዲህ ሲከፋፈል፣ ኩባንያ ሲወጣና ሲገባ፣ አካፋዩ እየቀነሰ እየቀነሰ ከአንድ በታች ወርዷል። በቅርብ ዓመታት 0.16 አካባቢ ነው። ትርጉሙን አሰሉት፦ ከ30ዎቹ ኩባንያዎች የማንኛቸውም አክሲዮን በአንድ ዶላር ሲጨምር ዳው ስድስት ነጥብ ያህል ይወጣል። «ነጥብ» ዶላር አይደለም፣ መቶኛም አይደለም፣ በዚያ ትንሽ ቁጥር ተካፍሎ የወጣ ነገር ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ 500 ነጥብ ወደቀ ሲባል 500 ዶላር ከወንድሜ ኪስ የወጣ ይመስለኝ ነበር።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 19 ቀን 1987 ዳው 508 ነጥብ ወደቀ። ያን ቀን ይህ 22.6 በመቶ ነበር፣ በታሪኩ ትልቁ የአንድ ቀን ውድቀት። ዳው 40,000ን ካለፈ ወዲህ ደግሞ 500 ነጥብ ማለት አንድ በመቶ ገደማ ነው። የሁለተኛው ቅዳሜ ዕለት ማታ ለወንድሜ ደውዬ «ከእንግዲህ ነጥብ አትንገረኝ፣ በመቶኛ ንገረኝ» አልኩት። «እታለም፣ ማን ነገረሽ?» አለኝ። «ፍሪሲዮን» አልኩት፣ ከዚያም አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳሁት።

ሦስተኛው ቅዳሜ ስለ ኢንዱስትሪ ዘርፍ ራሱ ነበር፤ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ዋና ጉዳይ ይህ ሆኖ ሳለ ተቻኩሎ አለፈ። ይህ አንዱ ቅሬታዬ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሊሰጠው ሲገባ ግማሹ ባለፈው ክለሳ ሄደ። ቢሆንም በቀረው ጊዜ ያገኘሁት ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው የመመዘኛ መንገድ ዋጋን በብዛት ማባዛት ነው። ኤስ ኤንድ ፒ 500 የሚባለው ሌላው የአሜሪካ ኢንዴክስ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በ500 ኩባንያዎች የሚሠራው እንዲህ ነው። ወደ ሱቄ ተመለስን። ፊልትሮ 1,500 በ200 ሲባዛ 300,000 ነው፤ ኩሽኔታ 3,500 በ20፣ 70,000፤ የፍሬን ሸራ 5,000 በ20፣ 100,000፤ ፍሪሲዮን 30,000 በአንድ። ጠቅላላው 500,000፣ ይህን 100 ብለን ጀመርን። አሁን ፊልትሮ 10 በመቶ ሲጨምር ኢንዴክሱ 106 ይሆናል፣ ፍሪሲዮን 10 በመቶ ሲጨምር 100.6 ብቻ። የዕቃዎቹ ዋጋ አልተለወጠም፣ ሱቁም ያው ሱቅ ነው፣ የኢንዴክሱ ጌታ ግን ተለወጠ። ገንዘብ ያዡ «እንዲህ ነው እንጂ!» ብሎ አጨበጨበ። አሰልጣኙ ግን አንድ ነገር አረመን፤ በአክሲዮን ገበያ የሚባዛው በወር የተሸጠው ሳይሆን የኩባንያው የአክሲዮን ብዛት ነው፣ ያውም በመንግሥት ወይም በመሥራቾች እጅ ተይዞ ለገበያ የማይቀርበው ተቀንሶ። ለሕዝብ ከቀረበው ድርሻ ውጭ ያለው የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በመንግሥት እጅ ነው፤ እንዲህ ባለ ኢንዴክስ ውስጥ ቢገባ የሚመዝነው ኩባንያውን ሁሉ ይዞ ሳይሆን በሕዝብ እጅ ባለችው ድርሻ ልክ ነው ማለት ነው።

ከዚያ የዘርፍ ነገር መጣ። ኩባንያዎች በ11 ዘርፍ የሚመደቡበት ዓለም አቀፍ አመዳደብ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ። «ኢንዱስትሪ» ከ11ዱ አንዱ ነው። የስፌት መስመር ተቆጣጣሪዋ እጇን አውጥታ «የእኛ ፓርክ ውስጥ ያሉት የልብስ ፋብሪካዎች እዚያ ውስጥ ናቸው አይደል?» አለች። አይደሉም። ልብስ የሸማች ዕቃ ከሚባለው ዘርፍ ነው፣ ከመኪና አምራቾች ጋር። «ወንጂስ?» አልኩ እኔ። ስኳር ምግብ ነው፣ ከዕለት ፍጆታ ዘርፍ። ሲሚንቶና ብረት ጥሬ ዕቃ ከሚባለው ናቸው። ታዲያ ኢንዱስትሪ የሚባለው ማን ነው? አውሮፕላን የሚሠሩ፣ እንደ ካተርፒላር ያሉ ከባድ ማሽን አምራቾች፣ ባቡሮች፣ ዕቃ አመላላሾች፣ አየር መንገዶች፣ ቆሻሻ የሚሰበስቡ ሳይቀሩ። ልጅቷ ቀስ ብላ «እኔ ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ነው የምውለው፤ እንግዲያ ኢንዱስትሪ ውስጥ አይደለሁም ማለት ነው?» አለች። ቃሏ እስከ አሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። አሰልጣኙ ጥሩ መለሰላት፦ አመዳደቡ የሚጠይቀው «ፋብሪካ አለህ ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ደንበኛህ ማን ነው?» ብሎ ነው። ሸሚዝ ለባሽ ይገዛዋል። ክሬን፣ የጭነት አገልግሎት፣ የባቡር ፉርጎ ግን ሌላ ድርጅት ነው የሚገዛው። ለዚህ ነው የኢንዱስትሪ ዘርፍ ኢንዴክስ ሲወርድ ሰዎች ድርጅቶች ግዢ አቆሙ፣ ግንባታ ቀዘቀዘ ብለው የሚያነቡት።

ይህ ለእኔ ከመጽሐፍ የመጣ ወሬ አይደለም። የጅቡቲ መኪኖች ጭነት ሲያጡ በመጀመሪያ የሚቀረው ፍሪሲዮንና ባሌስትራ ነው፣ ሾፌሩ በአሮጌው ይገፋል፤ ፊልትሮ ግን መቀየሩ አይቀርም። ገበያ መቀዝቀዙን ከሬዲዮ በፊት የሚነግረኝ መደርደሪያዬ ነው። እነዚያ ሰዎች በ500 ኩባንያ የሚያደርጉትን እኔ ሳላውቀው በመደርደሪያ ሳደርገው ኖሬያለሁ።

በሌላ በኩል ዳው ጆንስ «ኢንዱስትሪ» የሚለውን ስም እንደያዘ ከፋብሪካ ርቋል። ከ30ዎቹ ውስጥ ጎልድማን ሳክስ ባንክ ነው፣ ዩናይትድ ኸልዝ የጤና መድን ነው፣ ማክዶናልድስ ምግብ ቤት ነው፣ ማይክሮሶፍት ሶፍትዌር ነው። ከመጀመሪያዎቹ 12 ስሞች መጨረሻ ላይ የቀረው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ነበር፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ፣ በቦታው የገባው ዎልግሪንስ የሚባል የመድኃኒት ቤቶች ኩባንያ ነው። የፋብሪካዎችን ሁኔታ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ስሙን አይቶ ዳውን ቢከታተል ይሳሳታል፤ የዘርፉን ኢንዴክስ ነው ማየት ያለበት። ሥልጠናው ይህን በግልጽ ስለነገረኝ አመሰግናለሁ።

አንድ ያልረካሁበት ጥያቄ አለ። እኛ አገር አክሲዮን የገዛ ሰው የሚጠብቀው የዓመቱን የትርፍ ድርሻ ነው። ኢንዴክሱ ይህን ይቆጥራል ወይ ብዬ ስጠይቅ «አይቆጥርም፣ ዋጋ ብቻ ነው» ብሎ አለፈው። ለእኛ ግን ይህ ዋናው ነገር ነው። የሰጠን ወረቀት ላይ ዳው እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 1929 ከደረሰበት 381.17 ወርዶ ሐምሌ 8 ቀን 1932 41.22 እንደገባ ይታያል፤ ከ36 ዓመት በፊት የጀመረበት ቦታ ማለት ይቻላል። 381ን መልሶ ያገኘው በ1954 መጨረሻ ነው፣ ወንጂ ስኳር ማምረት በጀመረበት ዓመት። 25 ዓመት! ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት የትርፍ ድርሻ ይከፈል ስለነበር ያን የቆጠረ ሰው የሚጠብቀው ጊዜ ያጥራል። ይህን ያወቅኩት ወንድሜ ሲነግረኝ ነው። ክፍል ውስጥ መነገር ነበረበት።

አራተኛው ቅዳሜ አስከፍቶኛል። የመጨረሻውን አንድ ሰዓት ሌላ ሰው መጥቶ በስልክ ተመዝግበን የውጭ አክሲዮን እንድንገዛ ሲቀሰቅሰን ዋለ። «ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ አላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። አዋጅ ቁጥር 1248/2013 የወጣው፣ ባለሥልጣኑም የተቋቋመው ለዚሁ ነው። ሰውዬው በቅጡ አልመለሰልኝም፣ ሁለት ተማሪዎች ግን ስልካቸውን አውጥተው መመዝገብ ጀምረው ነበር። አጠገቤ ያለውን ልጅ እጁን ይዤ «ቆይ፣ መጀመሪያ ፈቃዱን እንይ» አልኩት። ሰው ለመማር ከፍሎ በገባበት ክፍል እንዲህ ያለ ነገር መግባት የለበትም። ሲያልቅ ለአሰልጣኙ ለብቻው ነገርኩት። አልተከራከረኝም፣ የግብዣው ሐሳብ የእሱ እንዳልነበረ ነገረኝ፣ ለሚቀጥለው ዙር እንደሚያስቀረውም ቃል ገባ።

ሌላው የሚታደለው ወረቀት ነው፤ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው። ቃሉን አሰልጣኙ በአፉ «አካፋይ»፣ «ክብደት»፣ «መነሻ ዋጋ» እያለ ቆንጆ አድርጎ ሲያስረዳ፣ ወረቀቱ ላይ ግን ለእኔ ቢጤው የሚጠቅም አንድ መስመር የለም። ገንዘብ ያዡና እኔ የሰሌዳውን ሁሉ በአማርኛ ገልብጠን ፎቶ ኮፒ አድርገን ለክፍሉ አደልን። ያን ኮፒ ለአሰልጣኙም ሰጥቼዋለሁ።

ለመሄድ የምታስቡ ካልኩሌተርና ባለመስመር ደብተር ያዙ፣ ውኃም ያዙ። ሁለተኛው ቅዳሜ እንዳያመልጣችሁ፤ እሱ ከቀረባችሁ ሌላው አይገባችሁም። «ከየትኛው አክሲዮን አተርፋለሁ?» ብላችሁ ከሆነ የምትሄዱት ግን ይህ ሥልጠና አይነግራችሁም፣ አሰልጣኙም የመጀመሪያው ቀን ላይ ይህን በግልጽ ተናግሯል።

የራሴን ኢንዴክስ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ ስዘጋ እጽፋለሁ፤ አራቱ ዕቃዎች፣ በወር ብዛታቸው ተባዝተው፣ መነሻው 100። ባለፈው ቅዳሜ 103.2 ነበር፣ ጭማሪው በሙሉ ከፊልትሮ የመጣ ነው። ሱቄ ውስጥ የሚሠራው ልጅ ደብተሩን አይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ለሚቀጥለው ዙር 3,200 ብሩን ከፍዬ አስመዝግቤዋለሁ።